የወፎቹ ድርሻ

ኖቬምበር 29

ይህ ደብተር የኔ ነው። የሚስቴ የቡሩል ደብተሮች መስኮቱ ሥር ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ የብርድ ወራት አንድ። በእነሱ ወሬ አይጻፍም፣ ወፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬዬን እዚህ አደርጋለሁ። ልጄ ዚያዳ ተማሪ ሳለች ግማሹን ጽፋበት የተወችው ደብተር ነው። ከፊት ሒሳብ አለበት። እኔ ከኋላ ጀመርኩ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ትራክተር ለመንዳት ከዚያ በላይ አይጠይቁም ነበር።

ዛሬ ዚያዳ ከቢሽኬክ ደወለች፤ እኔን አባቷን «አታ» ነው የምትለኝ።

«አታ፣ ብርዱን እኛ ጋ ያሳልፉ። ቤቱ ይሞቃል።»

«ምን እሠራለሁ እዚያ?»

«ምንም አይሠሩም።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

የእናቷን ወፎች እኔ እንደምጽፍ ነገርኳት። ሳቀች።

«እርስዎ? እማዬን ‹የወፎች ጸሐፊ› እያሉ ሲያበሽቋት የኖሩት?»

ቀልድ ነበር። ቡሩልም ታውቀዋለች።

ቡሩል በሜይ ሞተች። ስትቀበር ጃኒል የምትባል የካራኮል ሴት መጥታ ነበር፤ ሥራዋ ወፍ ማጥናት ነው፣ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጨረሻ እየመጣች የቡሩልን ዝርዝር ትገለብጣለች። ሰማያዊቷ ትንሽ ወፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሳትቋረጥ የተጻፈችው በእኛ የሐይቅ ዳር ብቻ ነው አለችኝ። ይህን በመቃብሩ አጠገብ ነው የነገረችኝ።

ሃያ ሰባተኛው በእኔ አይቋረጥም።

ዲሴምበር 3

አረድን። እኔና ጎረቤቴ ኤሰንኩል ሠላሳ ዓመት አብረን ነው የብርዱን ሥጋ የምናርደው። አንድ ፈረስ በጋራ፣ በግ ለየቤቱ። እኛ እናርዳለን፣ እንገፍፋለን፣ እንበልታለን፤ ከዚያ እጃችንን ታጥበን ሻይ እንጠጣለን። ጨው መንስነስና ማስቀመጥ የሴቶቹ ነው። ዘንድሮ የኔንም የኤሰንኩል ሚስት ቶክቶካን ጨው አደረገችልኝ። የበጉ ላት ወፍራም ነው። ለወፎቹ ይበቃል። ቡሩል በየዓመቱ ላት ትሰቅልላቸው ነበር።

ዲሴምበር 5

ካሜራ ይዤ ወጣሁ። የቡሩል ነው። ሌንሱ ከክንዴ ይረዝማል። ሐይቁ ዳር የእሾሁ ቁጥቋጦ ፍሬውን እንደያዘ ነው፣ ቢጫ ሆኖ። ወፍ ሞልቷል።

ሠላሳ አምስት ፎቶ። ሠላሳ አንዱ እሾህ ነው። ሦስቱ ሰማይ። አንዱ ጫማዬ።

ዲሴምበር 6

ባትሪው በብርድ ሞተ። ቡሩል ብብቷ ሥር ትይዘው እንደነበር አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ዲሴምበር 10

ወደ ወፍ አይኬድም። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ደረስኩበት። ባልዲ ደፍተህ ትቀመጣለህ። መጀመሪያ ሁሉም ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ፍሬ ሊለቅም ይመጣል። እሱ ካልሞተ ሌላው ይመጣል።

የቡሩልን ግራጫ ሻል ለበስኩ። ወፎቹ እሷን ያውቃሉ ብዬ አይደለም፤ ስለሚሞቅ ነው። ኤሰንኩል ከመንገድ ላይ አየኝ።

«ካሲማሊ! እንደምን ዋልሽ!» ብሎ ጮኸ።

ወፎቹ በረሩ። እሱ እስኪያልፍ አልተነሳሁም።

የታዩ፦ ባለ ክራባት ዘጠኝ። ቀይ ጭራ ሁለት። ሐምራዊት አንዲት። ስሞቹን ያወጣቻቸው ቡሩል ናት። ባለ ክራባት ከአገጩ እስከ ሆዱ ጥቁር መስመር አለው። ሐምራዊት ከዋልነት ፍሬ አትበልጥም፣ እሾሁ ውስጥ እንደ አይጥ ትሄዳለች፤ ስትወጣ ግን ቀለሟን ለማመን ያስቸግራል። አንድ ፎቶ ወጣልኝ። ጭራዋ ብቻ ነው። የሷ መሆኑ ይታወቃል።

ዲሴምበር 14

ላቱን በሦስት ቆርጬ ሰቀልኩ። ሁለቱን አኻያው ላይ፣ አንዱን ከበረንዳው ፊት ባለችው የአፕሪኮት ዛፍ ላይ። ተሲያት ሳይሆን ባለ ክራባቶቹ ተንጠለጠሉበት። ተገልብጠው ነው የሚበሉት። በመስኮት አየሁ። ቡሩል እዚህ ወንበር ላይ ሆና ታይ ነበር፤ እኔ ቴሌቪዥን አያለሁ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱን።

ዲሴምበር 18

ሰማያዊት አልመጣችም። አምና በ11 ነው የመጣችው። ካቻምና በ9።

ዲሴምበር 20

ሰማያዊት ታየች። አንዲት። አፕሪኮቷ ሥር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።

ራሷ ነጭ ነው። በዓይኗ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያልፋል፣ በእርሳስ የተሠመረ ይመስላል። ጭራዋ ረጅም ነው፣ ጫፉ ነጭ። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ጫፍ ከመሃል ጣቴ ትንሽ ትበልጣለች። ክብደት የላትም።

በወፎቹ ሃያ ሰባተኛ ደብተር ጻፍኩ፦ ታየች፣ አንድ። ሐሰት አይደለም። አይቻታለሁ።

ዲሴምበር 21

ፎቶ አነሳኋት። አፕሪኮቷ ቅርንጫፍ ላይ፣ ፀሐይዋ ከጎን ሆና። አሥራ አራት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁሉም ጥርት ያለ ነው። ሌሎቹ የዚህን ግማሽ እንኳ አይቆሙልኝም።

ጠዋት ቀጭን ሽቦ ፈልጌ የመሣሪያ ሳጥኑን ገለበጥኩ። ለሌላ ሥራ ነው።

ዲሴምበር 22

ለዚያዳ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ታለቅሳለች።

«አታ፣ እማዬ እንኳ እንዲህ አቅርባ አንስታ አታውቅም።»

«ትዕግሥት ነው» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ዲሴምበር 24

ዚያዳ ፎቶውን ለጃኒል አስተላልፋላታለች። ጃኒል ደወለች።

«ካሲማሊ አታ፣ ደህና ነዎት? ፎቶው ደርሶኛል።»

«ጥሩ ነው።»

«ብርሃኑ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግመው አይተዋታል?»

«አላየኋትም።»

«ስትበርስ አይተዋታል?»

መስመሩ ይንኮሻኮሻል አልኳት። አይንኮሻኮሽም ነበር።

ዲሴምበር 27

ባለ ክራባቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በረዶ ይቆረጥማሉ። ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል፤ ወፍ ናቸው።

ጃንዋሪ 2

ኤሰንኩል አዲሱን ዓመት እንኳን አደረሰህ ሊለኝ መጣ። መንደሩ ስለ ፎቶው ሰምቷል። ስልኬ ላይ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ምን ነካት ይቺ? ወታደር አስመሰልካት።»

«ብርድ ነው።»

«እኔም ይበርደኛል። ግን ስቆም እግሬን መሬት አስነካለሁ።»

ሻይ ቀዳሁለት። ዳቦውን ወተት ውስጥ እየነከረ በላ። ስለ መጋለቢያ ፈረሱ ጉልበት አወራን። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አለ።

«ምኑን?»

«ምንም አላልኩም» ብሎ ሄደ። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ምንም ሳይል ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጃንዋሪ 3

ወጣሁ። የለችም።

ጃንዋሪ 4

የለችም። እስከ ድሮው ወደብ ሄድኩ።

ጃንዋሪ 6

ስላነሰኝ ዱቄት ልበደር ኤሰንኩል ቤት ሄጄ ነበር። በር ላይ በረዶውን ከጫማዬ ሳራግፍ ቶክቶካን ከእህቷ ጋር ወጥ ቤት ሆነው ያወራሉ። ሰው መኖሩን አላወቁም።

«ዘንድሮ ሥጋውን ጨው ሳደርግ እጄ እምቢ አለኝ» ትላለች ቶክቶካን። «ሁልጊዜ ቡሩል ሳህን ይዛ ትመጣ ነበር። ጨው ሳይነካው ከላቱ ቆርጣ ‹ይሄ የወፎቹ ድርሻ ነው› ትላለች። ጨው ይገድላቸዋል ትል ነበር። ዘንድሮ ማንም አልመጣ። ሁሉንም አንድ ላይ ጨው አደረግሁት።»

ዱቄቱን ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ሦስቱንም ቁራጭ ላት ከዛፎቹ አወረድኩ። ቀመስኩት። ጨው ነው። እኔ እበላው ስለነበር ጨው መሆኑ አልታወቀኝም።

ሠላሳ ዓመት ያረድኩት እኔ ነኝ። ካረድኩ በኋላ ዞሬ አይቼ አላውቅም። የሴቶች ሥራ ነው ተብሎ ነው ያደግነው፣ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አባቴም አያይም ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም።

ጃንዋሪ 7

ቶክቶካን ዱቄቱን ራሷ ይዛ መጣች። እንደ ታላቅ ወንድሟ «ባይኬ» ነው የምትለኝ።

«ባይኬ፣ ትናንት እስከ በር መጥተው ተመለሱ አሉኝ። ዱካዎ አለ፣ ባዶ የዱቄት ከረጢትዎም በር ላይ ቀርቷል።»

«ሐሳቤን ለወጥኩ።»

«ዱቄት ላይ ሐሳብ ይለወጣል?»

ላት እንዳላት ጠየቅኋት፣ ጨው ያልነካው። አንድ በግ በሚቀጥለው ሳምንት እናርዳለን አለች፣ «ልለይልዎት» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ገብቷታል መሰለኝ። ገብቷት ባይሆን ትጠይቅ ነበር፤ እሷ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም።

ጃንዋሪ 15

አዲሱን ላት ሰቀልኩ። ባለ ክራባት አንድ መጣ። ከዚያ ሦስት።

አንድ በሕይወት ያለች ሰማያዊት ካገኘሁ ነገሩ ይስተካከላል። ቀኑ ብቻ ነው የሚለወጠው። ሃያ ሰባት ይሞላል።

ጃንዋሪ 21

የሄድኩበት ርቀት ከመንደሩ እስከ ወንዙ አፍ ነው። እግሬ ያብጣል። ሐይቁ ይተናል፣ እሾሁ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አንድ ወንድ ቀይ ጭራ ከፊቴ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ክንፉ ላይ ያለው ነጭ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። በአምስት እርምጃ ነው። ጭራውን ያንቀጠቅጣል፣ ይቆማል፣ ያንቀጠቅጣል። ትንፋሼን ያዝኩ። ፎቶው ወጣ። ሊበር ሲል ተረከዙ ከድንጋዩ ተነሥቷል፣ ጥፍሮቹ ግን ገና ይዘዋል።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ አየሁ። ይህንንና የዲሴምበር 21ን።

በሕይወት ያለ ወፍ በጥፍሩ ነው የሚይዘው።

ጃንዋሪ 30

የለችም። ሐምራዊት ስድስት፣ በአንድ ላይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 8

የለችም። ጉንፋን ይዞኛል። ዚያዳ በስልክ ስሳል ሰማችኝ።

«አታ፣ ወፏን አንስተዋት የለ? አሁን ምን ፍለጋ ነው የሚወጡት?»

«ልማድ ሆነብኝ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልኬልዎታለሁ። በሾፌር ይደርስዎታል። እስኪደርስ አይጠይቁኝ።»

ፌብሩዋሪ 11

ደረሰ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ፎቶው ነው፣ እንደ መስኮት ተልቆ፣ በእንጨት ክፈፍ ተደርጎ። ከሥሩ በወርቅ ቀለም፦ «ለእናታችን ለቡሩል። ሃያ ሰባተኛው ዓመት።» በሜይ የሙት ዓመቷ ድግስ ላይ ድንኳኑ መግቢያ ይቆማል ትላለች ዚያዳ። መንደሩ ሁሉ ይመጣል። ከሦስት አውራጃ ዘመድ ይመጣል።

ሲተልቅ ሽቦው ይታያል። በግራ እግሯ ላይ፣ ሁለት ዙር።

ግድግዳው ላይ ገልብጬ አስደገፍኩት።

ፌብሩዋሪ 12

እውነቱን ልጻፍ። ማንም አያነበውም።

ዲሴምበር 20 ከላቱ ሥር በረዶ ላይ ሞታ ነው ያገኘኋት። እግሮቿ ተጣጥፈው ነበር። በሻይ ቆርቆሮ አድርጌ በማይሞቀው ክፍል አስቀመጥኳት፤ እስከ ዛሬ እዚያ ናት። በማግስቱ ቅርንጫፍ ላይ አሰርኳት። የትራክተር ቱቦ እንደማሰር ነው። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁና የጎበጠች መሰለኝ፤ ተመልሼ አቀናኋት።

የጻፍኩት ሐሰት አይደለም ብዬ ነበር። አንድ ቃል አጉድያለሁ።

ፌብሩዋሪ 19

የለችም። ወፎቹ መዝፈን ጀምረዋል። በቡሩል ደብተሮች ሰማያዊት ከዚህ ቀን በኋላ የለችም፣ ወደ ወንዞቹ ትወጣለች።

ፌብሩዋሪ 20

ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 26

ጃኒል መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ሻይ ጠጣች፣ ስለ መንገዱ አወራች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተገለበጠው ክፈፍ ላይ ነው። እንድትገልጠው አልጋበዝኳትም፣ አልከለከልኳትምም። ተነሥታ ገለጠችው፣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

ሃያ ሰባተኛውን የወፍ ደብተር ከፊቷ አደረግሁ።

«የሰማያዊቷን መስመር እንዳትገለብጪው» አልኳት።

«አልገለብጠውም።»

«ታውቂያለሽ?»

«ፎቶው የደረሰኝ ቀን አወቅሁ አታ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብጠይቅዎት ይነግሩኝ ነበር?»

«አልነግርሽም ነበር።»

«እንግዲያው።»

ቆርቆሮውን አመጣሁላት። በመዳፏ አውጥታ ክንፏን ዘረጋች፣ በማስመሪያ ለካች፣ ጻፈች። ስለ ጨው ነገርኳት። ስለ እርዱ፣ ስለ ሳህኑ፣ ሁሉንም። አታጽናኚኝ አልኳት። አላጽናናችኝም።

«በአንዲት ወፍ አይታወቅም» አለች። «ብርድም ይገድላል። ጨውም ይገድላል። ወፏ የሞተችበትን እኔ አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ወፏን ወደ ቆርቆሮው መለሰች።

ቡሩል ስትሳሳት አትፍቅም ነበር፤ ስሕተቱ እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ታሰምርበታለች። እኔም «ታየች» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከሥሩ ጻፍኩ። ቃሎቹን ጃኒል ልትነግረኝ ብላ ነበር፣ ራሴ እችላለሁ አልኩ። «ሞታ ተገኘች። አንድ። ጨው ያለበት ላት ተሰቅሎ ነበር። የሰቀለው ካሲማሊ።»

«ስም አያስፈልግም፣ አታ።»

«ያስፈልጋል።»

«እሺ።»

«ታዲያ ተቋረጠ ማለት ነው?»

«በሕይወት የታየችበት ሃያ ስድስት ላይ ቆሟል» አለች። «ሞተው ለተገኙት ሌላ ዓምድ አለን። እዚያ አስገባታለሁ።»

ሌሎቹን ወፎች ስትገለብጥ ዋለች። የቀይ ጭራውን ፎቶ፣ ከድንጋዩ ሊነሣ ያለውን፣ ሁለት ጊዜ አየችው። «ይስጡኝ» አለችኝ። ሰጠኋት።

ፌብሩዋሪ 27

ለዚያዳ ደወልኩ። በድግሱ ክፈፉ አይቆምም አልኳት። ለምን አለች። ነገርኳት።

«በሽቦ?» አለች።

«በሽቦ።»

«አታ… እኔ ለመሥሪያ ቤቴ ሰው ሁሉ አሳይቻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። እንዲህ ነው ብለሽ ንገሪያቸው። አባቴ ነው በያቸው።»

ዘጋችው። ልክ ናት። ምሽት ላይ መልሳ ደውላ ስለ ሳሉ መድኃኒት ጠየቀችኝ፣ ስለ ሌላ አላነሣችም።

ፌብሩዋሪ 28

ጃኒል ዛሬ ጠዋት ሄደች። ከሄደች በኋላ ጠረጴዛው ላይ ከቡሩል ደብተሮች የመጀመሪያውን አገኘሁት። ከሳጥኑ ያወጣችው እሷ ናት። አንድ ገጽ ላይ ክር ጣል አድርጋበታለች። ምንም አልነገረችኝም።

የቡሩል ጽሕፈት ደቃቅ ነው፤ ዓምዷን እንጂ ጠርዙን አንብቤ አላውቅም። ክሩ ባለበት ገጽ ጠርዝ ላይ አምስት መስመር አለ። ለይቼ እስካነበው ሻዬ ቀዘቀዘ። እንዲህ ይላል፦

«ዲሴምበር 17። የሰቀልኩት ላት ጨው ነበረበት። ሦስት ባለ ክራባት ሞተው አገኘሁ፣ አንዱ በእጄ ላይ ነው የሞተው። ከእንግዲህ ጨው ሳይነካው የእነሱን ድርሻ መቁረጥ። ለካሲማሊ አልነገርኩትም። ይስቅብኛል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ዓመት ምን አደርግ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ትራክተር እነዳ ነበር። ማታ ማታ እዚህ ወንበር ላይ እበላ ነበር፣ እሷ ከፊቴ ነበረች።

እስቅባት ነበር። ለኤሰንኩልም እነግረው ነበር፣ ሁለታችን እስከ ጸደይ እንስቅባት ነበር።

ከቀትር በኋላ ወጣሁ። በረዶው ለስልሷል፣ ባልዲው ይሰምጣል። ባለ ክራባት ሰባት። ቀይ ጭራ አንድ፣ ሴት። ሐምራዊት ሁለት፣ አንዷ የሣር ጭራሮ በአፏ ይዛለች። ሰማያዊት የለችም።